የመንግሥት የምርምር ገንዘብ፦ ከአመልካቹም ከገምጋሚውም ወንበር ያየሁት

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንዲት እህታችን ሁለት ጥያቄ ጠይቃ ነበር። አንደኛው፣ «የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ገንዘብ ሞልቶ በተረፋቸው ዘመን መንግሥት ለኮምፒውተር ሳይንስ መሠረታዊ ምርምር ለምን ይከፍላል?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ገንዘቡ ተመራማሪው ጋ የሚደርሰው በምን በኩል ነው? ዶክትሬቴን ልጨርስ ጥቂት ቀርቶኛል፤ እኔስ ማመልከት እችላለሁ ወይ?»

ከአሥር ዓመት በላይ የምርምር ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬያለሁ። አንዳንዱ አለፈ፣ አብዛኛው ወደቀ። ገምጋሚ ሆኜም የሌሎችን ሥራ አንብቤያለሁ። ስለዚህ እህቴ፣ ከሁለቱም ወንበር ያየሁትን ልንገርሽ። ምሳሌዎቼ በብዛት የአሜሪካ ናቸው፤ ጠንቅቄ የማውቀው የእነሱን አሠራር ነው። ዓመታቱም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ «ለምን» የሚለውን።

በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚር እና አድልማን የሚባሉ ሦስት የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አርኤስኤ የተባለውን የምስጠራ ዘዴ ፈጠሩ። ሁለት ሰዎች አስቀድመው የምስጢር ቁልፍ ሳይለዋወጡ በምስጢር መነጋገር የሚችሉበት መንገድ ነው። ጽሑፋቸው ላይ ምስጋናው ለማን እንደሆነ ብታዪ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽንና የባሕር ኃይል ምርምር ቢሮ ናቸው። ያኔ በኢንተርኔት ዕቃ የሚገዛ ሰው አልነበረም። የዘዴው መሠረት የሆነው የቁጥር ቲዎሪ ደግሞ አንዳንድ የሒሳብ ሰዎች «ለምንም አይጠቅምም» እያሉ የሚኮሩበት ዘርፍ ነበር። ሃያ ዓመት ቆይቶ ለሚመጣ ገበያ ዛሬ ደመወዝ የሚከፍል ኩባንያ የቱ ነው?

ሌላ ምሳሌ። በ1980ዎቹ ባርቶ እና ሳተን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ማሽን በሽልማትና በቅጣት እንዴት ሊማር እንደሚችል ማጥናት ያዙ። ለረጅም ጊዜ ዳር ላይ የቀረ ርዕስ ነበር። ከጀርባው ግን የአየር ኃይሉና የዚያው የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ነበረበት። በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት (የ2024ን) ሲያገኙ አርባ ዓመት ግድም አልፎ ነበር።

ጉግልም ከዚሁ ወንዝ ጠጥቷል። በ1994 የሳይንስ ፋውንዴሽኑ፣ ዳርፓ (የመከላከያ ሚኒስቴሩ የምርምር ድርጅት) እና ናሳ በጋራ ስለ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የሚያጠና ፕሮግራም ጀመሩ። ስታንፎርድም ድርሻ ደረሰው። ላሪ ፔጅ በዚያ ፕሮጀክት ላይ የሚሠራ ተማሪ ነበር፤ ሰርጌ ብሪን ደግሞ የፋውንዴሽኑ የድኅረ ምረቃ ስኮላርሺፕ ነበረው። ማንም «የፍለጋ ኩባንያ መሥርቱልን» አላላቸውም።

ኩባንያ ምርምር አይሠራም ማለቴ አይደለም። ይሠራል፣ አንዳንዱም ድንቅ ነው። ግን መቼ እንደሚደርስ የማይታወቅ፣ ሲደርስም ተፎካካሪ በነፃ የሚወስደው ነገር ላይ ለዓመታት መቀመጥ ለባለ አክሲዮን ማስረዳት ይከብዳል። መንግሥት የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ «እንዴት»። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የመንግሥት ገንዘብ» ሲባል አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ግን ቢያንስ ሁለት የተለያየ ጠባይ አለው።

አንደኛው የሳይንስ ፋውንዴሽኑ ነው፤ በአጭሩ ኤንኤስኤፍ። የተቋቋመው በ1950 ሲሆን ለኮምፒውተር ሳይንስ ራሱን የቻለ ዘርፍ ያገኘው በ1986 ነው። እዚህ ሐሳቡን የምታመጪው አንቺ ነሽ። የሥራው ዝርዝር 15 ገጽ፣ ማጠቃለያው አንድ ገጽ ነው። ሁለት ነገር ይመዘናል፦ ለዕውቀት የሚጨምረው ምንድን ነው? ለኅብረተሰቡስ? ገምጋሚዎቹ በብዛት ከውጭ የሚጠሩ ተመራማሪዎች እንጂ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች አይደሉም። ከዚያ ፕሮግራም ኦፊሰሩ፣ ማለትም ዘርፉን የሚመራው የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ፣ አስተያየታቸውን ይዞ፣ ካለው በጀት ጋር አመዛዝኖ፣ ይለፍ ወይም ይቅር ብሎ ለአለቆቹ ያቀርባል። የገምጋሚ ነጥብ ምክር ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም። መልስ ለመስማት ስድስት ወር ገደማ ትጠብቂያለሽ።

የግምገማ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ ስቀመጥ የገረመኝ ነገር አለ። ክፍሉ ውስጥ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰው ይኖራል። አንድን ማመልከቻ በደንብ ያነበቡት ግን ሦስት አራቱ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ የሚሰሙት ከእነሱ አፍ ነው። ያነበበው ሰው ያንቺን ሐሳብ በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ካቃተው፣ አለቀ። ሐሳቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ የሚናገርለት አጣ። በተቃራኒው ደግሞ አንድ ገምጋሚ «ይሄማ መቅረት የለበትም» ብሎ ሽንጡን ገትሮ ሲከራከር፣ ነጥቡ መሐል ላይ የነበረ ሥራ ወደ ላይ ሲወጣ አይቻለሁ። ማንም የማይጠላው ማመልከቻና አንድ ሰው ከልቡ የወደደው ማመልከቻ ሲገናኙ፣ እኔ ባየሁት ሁለተኛው ያሸንፋል። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዋን ገጽ የምጽፈው ለሚከራከርልኝ ሰው ነው። በቃሉ ይዞ እንዲናገርልኝ።

የራሴ የመጀመሪያ ማመልከቻ (መሥሪያ ቤቱን ልተወው) ወድቆ ሲመለስ፣ አንዱ ገምጋሚ «በጣም የተንጠራራ ነው» ይላል። ሌላው «አዲስ ነገር የለውም» ይላል። ተናደድኩ። «እርስ በርሳቸው እንኳ አልተስማሙም!» እያልኩ ለባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ሳነበው ግን ሁለቱም ያሉት አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ምን እንደምሠራ አልጻፍኩም። መድረሻውን ያየው ተንጠራራ አለኝ፤ መነሻውን ያየው የታወቀ ነገር ነው አለኝ። መሐሉ ባዶ ነበር።

ሁለተኛው ጠባይ የዳርፓ ነው። ሶቪየቶች በ1957 ስፑትኒክን ሲያመጥቁ አሜሪካ ደነገጠች፤ በቀጣዩ ዓመት አርፓ ተቋቋመ። ዳርፓ የተባለው በኋላ ነው። በ1962 ሊክላይደር የሚባል የሥነ ልቦና ሰው የኮምፒውተሩን ክፍል ተረከበ። ሰውና ማሽን ፊት ለፊት እንዲነጋገሩ ነበር የሚፈልገው፤ ገንዘቡንም ለሚያምንባቸው ቡድኖች አከፋፈለ። የኢንተርኔት መነሻ የሆነው አርፓኔት በ1969 ሥራ የጀመረው ከዚያ ቤት ወጥቶ ነው።

እዚህ ወሳኙ የገምጋሚዎች ስብሰባ ሳይሆን ፕሮግራም ማናጀሩ ነው። ለጥቂት ዓመታት ይመጣል፣ አንድ ከባድ ችግር ይመርጣል፣ ቡድኖች ያሰማራል፣ በየምዕራፉ ይለካቸዋል፣ ያልሆነለትን ይቆርጣል። በ1970ዎቹ ዳይሬክተር የነበረው ጆርጅ ሃይልማየር ትቶልን የሄደው የጥያቄ ዝርዝር ዛሬም ይሠራበታል። ምን ልትሠራ ነው? ሙያዊ ቃል ሳትጠቀም ተናገር። አሁን እንዴት ነው የሚሠራው? ያንተ አዲሱ ነገር ምንድን ነው? ቢሳካ ለማን ይጠቅማል? ስንት ያስወጣል፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል? መሳካቱ በምን ይታወቃል? እኔ ለዳርፓ ባልጽፍም እነዚህን ለራሴ ሳልመልስ ማመልከቻ አልጀምርም።

ይህ መንገድ ፈጣን ነው፤ ግን ነፋስ ሲቀየር ይደርቃል። ኮንግረስ በ1969 የመከላከያ ገንዘብ ከወታደራዊ ሥራ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት ላለው ምርምር ብቻ እንዲውል ወሰነ፤ የማንስፊልድ ማሻሻያ ይባላል። ከዚያ በኋላ በዚያ ገንዘብ እንዲሁ ለማወቅ ብቻ መመራመር እየከበደ ሄደ። እንግሊዝ ውስጥም ላይትሂል የሚባል የሒሳብ ሰው ጽፎት በ1973 የወጣው ሪፖርት የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ምርምር ክፉኛ መታው።

የአውሮፓው የምርምር ካውንስል (በ2007 የጀመረ ነው) ወደ ኤንኤስኤፍ ይጠጋል። መመዘኛው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሥራው ምን ያህል የላቀ ነው የሚለው። ለጀማሪ ተመራማሪዎች ለአምስት ዓመት እስከ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ ይሰጣል። ሁለተኛው ዙር ላይ ቃለ መጠይቅ ስላለ አንደበትም ያስፈልጋል።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ማንም ቀድሞ ያልነገረኝን ልንገርሽ። ድጎማው የሚሰጠው ለአንቺ ሳይሆን ለዩኒቨርሲቲው ነው። አንቺ «ዋና ተመራማሪ» ተብለሽ ታዢበታለሽ እንጂ አካውንትሽ ላይ አይገባም። ዩኒቨርሲቲውም ለሕንፃ፣ ለመብራት፣ ለሒሳብ ክፍል እያለ ኦቨርሄድ ይወስዳል። እንበልና 600,000 ዶላር ለሦስት ዓመት አገኘሽ፤ ኦቨርሄዱ 55 በመቶ ነው። ሰው ከመቶው 55ቱ ሄደ ብሎ ይደነግጣል። አይደለም፤ የሚሰላው በቀጥታ ወጪው ላይ ነው። ሁሉም ወጪ ቢታሰብበት እንኳ ለሥራው 387,000 ያህል ይቀራል። በዓመት 129,000 ማለት ነው። ከዚህ ላይ የተማሪ አበልና የትምህርት ክፍያ፣ ዩኒቨርሲቲው በማይከፍልበት የክረምት ዕረፍት የአንድ ወር ደመወዝሽ፣ የጉባኤ ጉዞ ሲነሳ ምን ተረፈ? አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ተማሪ ይይዛል። በቃ።

ለእኔ የነገሩ ፍሬ ይሄ ነው። መንግሥት በዚህ ገንዘብ በዋናነት የሚገዛው የወጣት ተመራማሪን ዓመታት ነው። በመጀመሪያው ፕሮጀክቴ ቃል የገባነው ስልተ ቀመር (አልጎሪዝም) አልሠራም። ሦስተኛው ዓመት ላይ ለምን እንደማይሠራ አረጋግጠን ጻፍን። ሪፖርቱን በምልክበት ጊዜ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማንም አልተቆጣም። በዚያ ገንዘብ የተማረችው ልጅ ግን ያ ውድቀት ያሳያትን ችግር ይዛ ሄዳ ዛሬ የራሷ ቡድን አላት። ስታንፎርድ ላይም የሆነው ይኸው ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ፕሮጀክት ደመወዝ ከፈለ፤ ተማሪዎቹ ሌላ ነገር አገኙ።

አሁን ወደ አንቺ። ተማሪ ሆኖ በዋና ተመራማሪነት ማመልከት በአብዛኛው አይቻልም፤ የሚያቀርብልሽ ተቋም ያስፈልጋል። በረዳት ፕሮፌሰርነት ስትቀጠሪ ኤንኤስኤፍ ለጀማሪዎች ካሪየር የሚባል ድጎማ አለው፤ ለአምስት ዓመት ቢያንስ 400,000 ዶላር። የአሜሪካ ዜጋ መሆን ግድ አይደለም። ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሚሞከር በችኮላ አታባክኚው።

እስከዚያው ኤንኤስኤፍ የደገፋቸው ሥራዎች አጭር መግለጫ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ በርዕስሽ ፈልገሽ ሃያ ያህል አንብቢ። የትኛው ፕሮግራም ምን እንደሚወድ ከማንም ምክር በላይ ይገባሻል። አማካሪሽን ደግሞ ያለፈም የወደቀም ማመልከቻ ለምኚው። የወደቀውን ማሳየት ያሳፍራል፤ የሚያስተምረው ግን እሱ ነው። ለፕሮግራም ኦፊሰር መጻፍም አትፍሪ። አንድ ገጽ ልከሽ «ይህ እናንተ ጋ ይገባል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ሥራቸው ነው። እኔ ፈርቼ ሁለት ዓመት የማይመለከተው ፕሮግራም ደጅ ስጠና ቆይቻለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የውስጥ ቀነ ገደብ አላቸው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ቀን በብዙ ቀናት ሊቀድም ይችላል። ይህን ባለማወቄ የአራት ወር ሥራዬ ተጠናቆ ሳለ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሏል። አንድ ገጽሽን ስትጨርሺ እዚሁ አስቀምጪልን፤ አነበዋለሁ።