ሬጉሌተሩን ከመግዛትህ በፊት ጥቁሯን ሽቦ ለካት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ሱሉልታ ወተት የምታመላልስበት አሮጌ ሆንዳ ሞተርሳይክል በአንድ ወር ሁለት የፊት አምፖል በላ። ባትሪው ይፈላል፣ ውሃው ቶሎ ቶሎ ያልቃል። መካኒኩ "ሬጉሌተሩ ሄዷል" አለህ። ሶማሌ ተራ ያገኙልህ ደግሞ አራት ሽቦ ያለው የቻይና ሬጉሌተር ነው፤ ያንተ ስድስት አለው። "አራቱን አገናኝቼ ሁለቱን በፕላስተር ብዘጋቸው ይሠራል ወይ?" ነው ያልከው።

አይሠራም። ብርህን አታውጣ። መካኒክህ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ካወራኸው እንደገባኝ እስካሁን ማንም ምንም አልለካም። እኔ ሳልለካ ሁለት ሬጉሌተር ገዝቻለሁ። ስለዚህ ቢረዝምብህም ታገሰኝ።

መጀመሪያ የእቃው ሥራ። ሞተሩ ሲዞር ማግኔቱ ውስጥ ያለው የመዳብ ጥቅልል፣ ስታተር የሚሉት፣ ኤሲ ያመነጫል፤ አቅጣጫው የሚመላለስ ኮረንቲ ማለት ነው። ባትሪ ደግሞ የሚቀበለው ዲሲ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደውን፣ ነው። ሬጉሌተሩ ኤሲውን ወደ ዲሲ ይቀይራል፣ ቮልቱንም 14 ተኩል አካባቢ ላይ ይይዛል። ነዳጅ በጨመርክ ቁጥር ስታተሩ ከሚያስፈልገው በላይ ያመነጫል። የአሮጌ ሞተር ሬጉሌተር ትርፉን የሚያስቀረው ስታተሩን ሾርት እያደረገ ነው። በዚህ መሀል ራሱ ይግላል። ጀርባው ላይ እንደ ማበጠሪያ የተደረደረው አሉሚኒየም ለጌጥ አይደለም፤ ሙቀቱን ለነፋስ እንዲሰጥ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ሬጉሌተር ባትሪህን አያየውም። የሚያምነው ሽቦው የነገረውን ነው። ሽቦው ከዋሸው ኦሪጅናሉም ይሳሳታል፣ ቻይናውም ይሳሳታል።

ሆንዳ ላይ ስድስት ሽቦ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ አደራደሩ እንዲህ ነው። ሦስት ቢጫዎች ከስታተር ይመጣሉ፤ ልክ እንደ ወፍጮ ቤት ሦስት ፌዝ። ቀዩ ወደ ባትሪ ይሄዳል። አረንጓዴው ማሳ ነው፤ ከባትሪው ኔጌቲቭና ከሻንሲው ብረት ጋር የሚገናኘው። ነገረኛዋ ጥቁሯ ቀጭን ሽቦ ናት። ቁልፍ ስትከፍት ኮረንቲ ታገኛለች። ሥራዋ "ባትሪው አሁን ይሄን ያህል ላይ ነው" ብላ ለሬጉሌተሩ ማቀበል ብቻ ነው። ወሬ አቀባይ በላት።

ችግሩ ወሬው የሚመጣበት መንገድ ነው። ከባትሪው ተነስቶ በቫልቮላ (በፊውዝ) ያልፋል፣ በቁልፉ ያልፋል፣ ሁለት ሦስት ሶኬት ያልፋል። ስንት ክረምት የጠገበ የቁልፍ ቤት ነው! ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኖ መንገድ ላይ 1 ቮልት በላ እንበል። ባትሪው 15 ተኩል ሲደርስ ሬጉሌተሩ የሚያየው 14 ተኩል ነው። እሱ "ልክ ነኝ" ብሎ ተቀምጧል፤ አምፖልህ ግን ይቃጠላል፣ ባትሪህም ይፈላል። ያንተ ምልክት ቁርጥ ይሄንኑ ይመስላል። እርግጥ የሞተ ሬጉሌተርም ቮልት ይለቃል። የሚለያቸው መለካት ብቻ ነው።

ቴስተርህን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርግ። ሞተሩን አታስነሳ፤ ቁልፉን ክፈት፣ መብራት አብራ። የባትሪውን ሁለት ጫፍ ለካና ቁጥሩን ጻፍ። ከዚያ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ እዚያው የባትሪው ማሳ ላይ ትተህ፣ ቀዩን ጫፍ በሬጉሌተሩ ሶኬት ጀርባ በኩል ጥቁሯ ሽቦ ላይ አስገባ። ሶኬቱን አትንቀለው፤ እንደተገጠመ ይሁን። በሁለቱ ቁጥሮች መሀል ያለው ልዩነት ከ0.3 ቮልት ካልበለጠ ጥቁሯ ሽቦ ሰላም ናት። 0.8፣ 1 ቮልት ካገኘህ ግን ሌባው ተያዘ። የቁልፉን ቤትና ሶኬቶቹን አጽዳ። ካልተሻለው አንዲት ትንሽ ሬሌይ፣ በኮረንቲ የምትከፈትና የምትዘጋ ማብሪያ፣ ግጠም፤ የቁልፉ ኮረንቲ ሬሌዩን ብቻ ይቀስቅስ፣ ጥቁሯ ሽቦ ደግሞ በሬሌዩ በኩል ከባትሪው በቀጥታ ትመገብ። መሀል ላይ ቫልቮላ አትርሳ።

ልዩነት ከሌለ፣ ሞተሩ ተነስቶ መሀከለኛ ነዳጅ ስትሰጠው ግን ባትሪው ላይ ከ15 በላይ ካነበብክ፣ ያኔ መካኒክህ ልክ ነው። ሬጉሌተሩ ሞቷል።

የኔ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ የወጣ አሮጌ ያማሃ ነበረኝ። እኔ ለገጣፎ ነኝ፤ ማታ ማታ ወደ ለገዳዲ እወጣ ነበር። ባትሪው አይሞላም። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጠዋት "ጠቅ" ብሎ ዝም። ሬጉሌተር ቀየርኩ። የገዛሁት የብሎን ቀዳዳው ከሻንሲው ጋር አልገጠመም። ምን ችግር አለው ብዬ ከኮርቻው ሥር በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት። ከጎኑ የመፍቻ ከረጢት፣ ከላዩ ጨርቅ። በሦስተኛው ሳምንት ኮርቻው ሥር የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ሁለተኛውን ገዛሁ፤ እሱንም እዚያው አሰርኩት። ሰው እንዴት ከራሱ አይማርም ትላለህ። በዚያ ላይ "ኮረንቲ ልቆጥብ" ብዬ አምፖሎቹን ሁሉ ወደ ኤልኢዲ ቀይሬ ነበር። መብራቱ ትንሽ ሲበላ ትርፉ ያው ሬጉሌተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ እንደሚያርፍ ያኔ አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ ጣፎ መንገድ ዳር ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌትሪሺያን ሄድኩ። "ጋሼ፣ ሦስተኛ ልገዛ ነው" አልኳቸው። "ልጄ፣ ቆይማ" አሉ። ሞተሩን አስነሱ። የቴስተራቸውን አንድ ጫፍ የባትሪው ማሳ ላይ፣ ሌላውን የሬጉሌተሩ አሉሚኒየም አካል ላይ አሳረፉ። ዜሮ መሆን የነበረበት 0.9 አለ። ቀና ብለው አዩኝና "ይሄ ሰውዬ ማሳ የለውም፣ በአየር ላይ ነው ያለው" አሉ። የኔ ሬጉሌተር የማሳ ሽቦ አልነበረውም፤ ማሳ የሚያገኘው በአካሉ ነው። እኔ ደግሞ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ በዛገ ሽቦ ጠፍሬዋለሁ። ያ 0.9 ሬጉሌተሩን "ባትሪው ሞልቷል" እያለ ያታልለዋል፤ እሱ 14.3 ያያል፣ ባትሪው የሚደርሰው ግን 13.4 ብቻ ነው። ያንተን ባትሪ የሚያፈላውና የኔን ያስራበው በሽታ አንድ ነው። ውሸቱ በየትኛው ሽቦ እንደገባ ነው ልዩነቱ።

ጋሼ ብርጭቆ ወረቀት አወጡ። የብሎኑን ቦታ ብረቱ ብር እስኪመስል ፈገፈጉት። ትንሽ ቁራጭ ላሜራ በስተው ቀዳዳውን አስማሙት። ከሬጉሌተሩ አካል እስከ ባትሪው ማሳ ድረስ ወፍራም ሽቦ ጨመሩ። በመጨረሻ ከልጃቸው የቫዝሊን ጣሳ በጣታቸው ዝቀው ሁሉንም መገናኛ ቀቡት። 0.9 ወደ 0.1 ወረደ። ያ ሁለተኛ ሬጉሌተር ገና ሳይቃጠል ስለደረስንበት ከዚያ በኋላ ሌላ አልገዛሁም።

ወደ አንተ ልመለስ። ለክተህ ሬጉሌተሩ በእርግጥ ሞቶ ከሆነ፣ አዲሱን ከመግዛትህ በፊት ስታተሩን እይ። የሦስቱን ቢጫ ሶኬት ንቀል። ስትነቅል አፍንጫህንም ዓይንህንም ተጠቀም። አሮጌ ሞተር ላይ ይሄ ሶኬት ቡናማ ሆኖ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ነው ብዙ ጊዜ የሚገኘው። እንደዚያ ከሆነ አዲስ ሬጉሌተር እዚያው ላይ አትሰካ፤ ቆርጠህ አዲስ ሶኬት ግጠም። ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል እስከ ሐምሌ ነው የሚቆየው።

ቴስተርህን ኦም ላይ አድርግና ቢጫዎቹን ሁለት ሁለት እያደረግህ ለካ። ሦስቱም ንባብ እኩል መሆን አለበት፤ ከ1 ኦም በታች የሆነ ትንሽ ቁጥር ነው የሚሆነው። ርካሽ ቴስተር የራሱን ሽቦ ስለሚጨምር፣ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፍ አነካክተህ ያነበበውን ቀንስ። ከዚያ እያንዳንዱን ቢጫ ከሻንሲው ጋር ለካ። ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ስታተሩ ማሳ ነክቷል፤ የትኛውም ሬጉሌተር አያድነውም፣ መዳቡ እንደ አዲስ መጠቅለል አለበት። ከቻልክ ሞተሩን አስነስተህ ቢጫዎቹን በኤሲ ቮልት ለካቸው። ነዳጅ ስትጨምር ወደ 50 እና ከዚያ በላይ ሊወጣ ስለሚችል እጅህን አርቅ። የቁጥሩ ትልቅነት እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ እኔ የማየው ሦስቱ እኩል መሆናቸውን ነው።

ያ አራት ሽቦው ለምን እንደማይሆን አሁን ሳይገባህ አይቀርም። እንዲህ ዓይነቶቹ በብዛት የሚሠሩት ባለ አንድ ፌዝ ለሆኑ ትንንሽ ሞተሮች ነው። አንዱ ሽቦ ባትሪ ይሞላል፣ አንዱ መብራቱን ይቆጣጠራል፣ የቀሩት ቀይና ማሳ ናቸው። ያንተን ሦስት ቢጫ የሚቀበልበት ቦታ የለውም። አንተ የምትፈልገው ባለ 12 ቮልት፣ ሦስት የኤሲ ሽቦ ያለው ነው። ባትሪህ ላይ 12 መጻፉን ብቻ አረጋግጥ፤ በጣም የድሮዎቹ 6 ቮልት የሆኑ አሉ። አምስት ሽቦ ያለው ብታገኝ ችግር የለም፤ ወሬ አቀባይ አያስፈልገውም፣ ቮልቱን በቀዩ በኩል ራሱ ያያል። ያኔ ጥቁሯን ጫፏን ሸፍነህ እሰራት። እንዲያውም ላንተ እኔ የምመርጠው ይሄን ነው፤ የቁልፉን ቤት ጣጣ ይገላግልሃል። የሶኬቱ መልክ አያታልልህ። ገጠመ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም፤ ሻጩ የሚያሳይህ ግን ሶኬቱን ነው።

ሞተር ያለ ፈቃድ ከተማ እንዳይገባ ከታገደበት ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ እኛ ዳር ያለነው መርካቶ የምንወርደው እቃውን በፌስታል ይዘን በታክሲ ነው። ሞተሩን ሱቁ በር ላይ አቁመህ "እስቲ ሞክረው" ማለት የለም። ስለዚህ አሮጌውን ሬጉሌተር ይዘህ ሂድ፣ የሶኬቱን ፎቶ አንሳ፣ በሁለቱ ብሎኖች መሀል ያለውን ርቀት ለካ። ቴስተርህንም ያዝ። በዳዮድ ምልክቱ ላይ አድርገህ ቀዩን ጫፍ በየተራ ቢጫዎቹ ላይ፣ ጥቁሩን ጫፍ የሬጉሌተሩ ቀይ ሽቦ ላይ አሳርፍ። ሦስቱም ተቀራራቢ ቁጥር፣ 0.5 አካባቢ፣ ማሳየት አለባቸው። ጫፎቹን ስትገለብጥ ምንም። አንዱ ከተለየ መልስለት። ይሄ ፈተና ቮልት መያዙን አያሳይህም፤ የተቃጠለውን እቃ ግን እዚያው ሱቁ ላይ ይለይልሃል።

ስትገጥም መጀመሪያ የባትሪውን ማሳ ፍታ። ሬጉሌተሩን ነፋስ የሚያገኘው፣ ጭቃ የማይረጨው ቦታ አስቀምጠው፤ ብረቱ በደንብ ተፈግፍጎ፣ በብሎን ጠበቅ ተደርጎ። በወተት ጣሳው ማሰሪያ እንዳይጋረድ። አረንጓዴውን ወደ ሻንሲው ብቻ ሳይሆን እስከ ባትሪው ማሳ አድርሰው። የሦስቱ ቢጫዎች ቅደም ተከተል አያስጨንቅህ፤ የትኛውም የትም ቢገባ አንድ ነው። ቀይና አረንጓዴ ላይ ግን አንዴ ከተሳሳትክ በቃ።

አንድ ነገር ለምኜሃለሁ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ጫፍ ነቅሎ "ካልጠፋ ቻርጅ ያደርጋል" የሚል ሰው ካጋጠመህ ሞተርህን ይዘህ ሂድ። ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ በቅጽበት ይዘላል፤ አምፖል፣ ሲዲአይ (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው እቃ)፣ አዲሱን ሬጉሌተርም ይዞ ሊሄድ ይችላል። የላላ የባትሪ ጫፍም መንገድ ላይ ይሄንኑ ያደርግብሃል፤ በኮሮኮንች ላይ ጣሳ ጭነህ ስለምትሄድ በየሳምንቱ አጥብቀው። የፈላው ባትሪ ላይ ደግሞ የባትሪ ውሃ እንጂ አሲድ አትጨምር።

ለማንኛውም ነገ ጠዋት ወተቱን አስረክበህ ስትመለስ ሁለቱን ቁጥሮች ለካ። ቁልፉ ተከፍቶ የባትሪውና የጥቁሯ ሽቦ፤ ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ ያለው። እዚሁ ጻፍልኝ። እስከዚያ ለሶማሌ ተራው ልጅ ቀብድ እንዳትሰጠው።