ባቡሩ አመለጠኝ የሚሉት አባት

ጥያቄ፦ አባታችን 76 ዓመታቸው ነው። በድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው ሐኪም ነግሮናል። ቀኑን በሰላም ውለው ከ11 ሰዓት ጀምሮ ኮታቸውን ደርበው «ባቡሩ አመለጠኝ» እያሉ የግቢውን በር ይደበድባሉ፤ ስንከለክላቸው እጃቸውን ይሰነዝራሉ። እኔ የወጣትነታቸውን ዘፈን ላሰማቸው ስል ታላቅ ወንድሜ «በዚህ ዕድሜያቸው ዘፈን!» ብሎ በትልቅ ስፒከር መዝሙር ከፍቶላቸው ይውላል። በዚህ የተነሣ ተኳርፈናል። ማናችን ነን ትክክል? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ዘፈኑም ሆነ ስለ መዝሙሩ ከመነጋገራችን በፊት መጣራት ያለበት ነገር አለ። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መቅበጥበጡ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የአባትዎ ሁኔታ በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት የከፋ ከሆነ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ወይም በድሬዳዋ ሙቀት በቂ ውኃ አለመጠጣት መንስኤው ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። «አመመኝ» ማለት ያቃተው ሰው ሕመሙን በእጁ ይናገራል። ያልጠየቁኝንም ልጨምር፦ ከሰዓት በኋላ ጫት የመቃም ልማድ ካላቸው፣ ጫት አነቃቂ በመሆኑ የምሽቱን መቅበጥበጥ ሊያባብሰው ይችላልና ይህንንም ለሐኪሙ አይደብቁ።

የወጣትነታቸውን ዘፈን ለማሰማት ማሰብዎ መሠረት የሌለው አይደለም። ሊንዳ ገርድነር የተባሉ አሜሪካዊት የነርሲንግ ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ 39 የመርሳት ሕመምተኞች ለሁሉም በወል ከተከፈተው ለስላሳ ክላሲካል ሙዚቃ ይልቅ ለየራሳቸው የተመረጠላቸውን ሲሰሙ፣ ሰምተውም በጨረሱበት ቀጣይ ግማሽ ሰዓት፣ ይበልጥ ተረጋግተው ታይተዋል። ይሁንና ተስፋዎን ከልክ በላይ እንዳላሳድገው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ ሙዚቃ ድብርትን የሚያቀልል ቢመስልም በመቅበጥበጥና በቁጣ ላይ ያለው ውጤት እምብዛም አለመሆኑን ገልጿል። በእኔ አስተያየት ወጪው ጥቂት፣ በጥንቃቄ ከተያዘም ጉዳቱ ትንሽ ስለሆነ መሞከሩ ይገባል፤ እንደ መድኃኒት መቁጠሩ ግን ስሕተት ነው።

ሁለታችሁም ግን የየራሳችሁን ምርጫ ይዛችሁ የአባታችሁን ትታችኋል። ሰው አጥብቆ የሚይዘው ሙዚቃ በአብዛኛው ከአሥራዎቹ ዕድሜ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ የሰማው ነው፤ ይህም ለአባትዎ በግምት ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) ይሆናል። በዚያ ዘመን በድሬዳዋ ሰፈሮች በከዚራና በመጋላ መካከል ያደገ ልጅ በአንድ ቀን የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሶማሊኛና የሐረሪኛ ዜማ ሊሰማ ይችል ስለነበር፣ የእሳቸው ዜማ እናንተ ባልገመታችሁት ቋንቋ ሊሆን ይችላል። አብረዋቸው የሠሩ ጡረተኞችንና እኅት ወንድሞቻቸውን ጠይቁ፦ ሠርግ ላይ ምን ሲሰሙ ይነሡ ነበር? ጢማቸውን ሲላጩ ምን ያንጎራጉሩ ነበር? በልጅነታቸው በቤተ ክርስቲያን አገልግለው ከሆነ ደግሞ መንፈሳዊው ዜማ የራሳቸው ነውና ወንድምዎ እውነት አላቸው። ያኔም ቢሆን ቀኑን ሙሉ በትልቅ ስፒከር የሚለቀቅ ድምፅ፣ መዝሙርም ይሁን ዘፈን፣ ድምፆችን መለየት ለተሳነው አእምሮ ጫጫታ ነው።

መቅበጥበጡ የሚጀምርበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት በደብተር መዝግቡ። 11 ሰዓት ከሆነ ሙዚቃውን 10 ሰዓት ተኩል ላይ ክፈቱ፤ በሩን መደብደብ ከጀመሩ በኋላ ብዙም አይጠቅምም። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ድምፁ ዝቅ ይበል፣ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፣ መብራቱ ሳይጨልም ይብራ፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ። በመሃል ዜናና ማስታወቂያ ስለሚገባበት ሬዲዮ አይሁን፤ የጆሮ ማዳመጫም ያልለመደውን ሽማግሌ ሊያስደነግጥ ይችላል። ዕንባ ቢመጣ ወዲያው አትደንግጡ፤ ፊታቸው ከጠቆረ ግን አጥፉትና ያንን ዜማ ከዝርዝሩ አውጡት። «ጡረታ ወጥተዋል፣ ባቡርም የለም» ብላችሁም አትከራከሯቸው፤ «ባቡሩ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ አብሮ መቀመጥ ይሻላል።

ወንድምዎ ታላቅዎ እንደመሆናቸው የአባታችሁን የጉልምስና ዘመን ከእርስዎ የበለጠ ያዩት እሳቸው ናቸው። «ወንድም ጋሼ፣ አባባ ምን ይወዱ እንደነበር ከእኔ ይልቅ አንተ ታስታውሳለህ» ብለው ደብተሩን ይዘው ቢቀርቧቸው፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዜማዎች የሚያጽፉት እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።