መልስ፦ የቤቴ ግምት ወርዶ ግብሬ ለምን ጨመረ?

ወንድሜ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤትህ ግምቱ ከ500,000 ወደ 460,000 ዶላር ወርዶ ሳለ ግብሩ ጨመረብኝ ብለሃል። ስህተት ላይሆን ይችላል። ሆምስቴድ ክሬዲት (ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት፣ ግብር የሚሰላበት ግምት በአንዴ እንዳይዘል የሚገድብ ቅናሽ) ካለህ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግብር የሚያሰላበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ አያድግም። በዚህ ገደብ ምክንያት አምና የተሰላብህ በ500,000 ሳይሆን በ400,000 ከነበረ ዘንድሮ 440,000 ይደርሳል። ይህ ከ460,000 በታች ስለሆነ ጭማሪው ሕጋዊ ነው። ሰው የሚናደደው እዚህ ላይ ነው፤ አይፈረድበትም።

ሌላው የግብሩ ተመን፣ ማለትም ከግምቱ ላይ የሚከፈለው መቶኛ ነው። የቤቶች ግምት ሲወርድ የትምህርት ቤትና የፖሊስ ወጪ አብሮ አይወርድም፤ ያንኑ ገቢ ለማግኘት የካውንቲው ሹሞች ተመኑን ከፍ ማድረግ ይቀናቸዋል። የበጀት ረቂቁ እስከ ማርች 15 ይቀርባል፣ ምክር ቤቱ እስከ ጁን 1 ያጸድቃል። መናገር ከፈለግክ በዚህ መሃል ለሚደረገው የሕዝብ መድረክ ተመዝገብ። የግብር ቢሉ እጅህ ከገባ በኋላ ተመኑ አይነካም።

በግምቱ ላይ ግን ይግባኝ አለህ፦ የግምት ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ 45 ቀን። መጀመሪያ የገማቹን መሥሪያ ቤት መዝገብ እይ፤ የቤቱ ስፋት፣ የመታጠቢያ ቤት ብዛት፣ ያላለቀ ቤዝመንት «ያለቀ» ተብሎ መመዝገቡ። ከዚያ ሰፈርህ ውስጥ በቅርቡ የተሸጡ፣ ያንተን የሚመስሉ ሦስት አራት ቤቶች ዋጋ ያዝ። «ግብሩ በዛብኝ» ማለት ዋጋ የለውም፤ የሚከራከሩህ ስለ ቤቱ ዋጋ ብቻ ነው። እምቢ ካሉህ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ይግባኝ ቦርዱ ትሄዳለህ።

ያንተን ነገር ካየን፣ ግምቱን ወደ 450,000 ብታስወርድ የዘንድሮ ቢልህ አይቀንስም። ከ440,000 በታች ማውረድ አለብህ።