ቅልጥምህ እያመመህ ትወዳደር ወይስ ትቅር?

አብሽር ወንድሜ። ቅልጥሜን እያመመኝ እሁድ ኮምቦልቻ ላይ 10 ኪሎ ሜትሩን ልሩጥ ወይስ ልተው ብለሃል። እንደ ሕመሙ ዓይነት ነው።

የቅልጥምህን አጥንት ከውስጥ በኩል በጣትህ ጫን ጫን እያደረግክ ውረድ። ሕመሙ ረዘም ባለ ቦታ ላይ ከተበተነና ሰውነትህ ሲሟሟቅ ከቀነሰ፣ ብዙ ጊዜ የአጥንቱ ሽፋን መቆጣት ነው። በአንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ከጠነከረ፣ እየሮጥክ ከባሰ፣ ሌሊት ተኝተህም ከጠዘጠዘህ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ ውድድሩን እርሳውና ሐኪም ጋ ሂድ። ስንጥቁ መጀመሪያ ላይ በራጅ ላይታይ ይችላል። «ራጁ ንጹህ ነው» ተብለህ ሕመሙ ከቀጠለ ተመልሰህ ታይ።

ነጥብ ሕመም ከሌለህ በታመመው እግር ብቻ ቀስ ብለህ ዝለል። ካመመህ ወይም ስትራመድ ካነከስክ አትወዳደር። እባክህ ዳይክሎፌናክ ውጠህ እንዳትሰለፍ! ሕመሙን ይሸፍንልሃል እንጂ ጉዳቱን አያድነውም። ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ ምክንያት ወራት ከልምምድ ቀርቷል!

ሕመሙ ቀለል ያለ ቢሆንም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት መሮጡን ለጊዜው ተው። ቁልቁለት ለትንፋሽ ይቀላል፣ ለቅልጥም ግን ይከብዳል። ኃይሌ ገብረሥላሴ እንኳ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ኒውዮርክ ማራቶን ላይ ጉልበቱን ሲያመው አቋርጦ ወጥቷል፤ በኋላም ተመልሶ ሮጧል።

ሐኪሙ ያለህን ጻፍልን።