መልስ፦ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ማለፍ ላቃተህ

"ልብ ወለድ ጀምሬ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስድስት ጊዜ ጻፍኩት፤ ሁለተኛው ላይ ግን አልደረስኩም። ምን እያጠፋሁ ነው?" ብለህ ጠይቀሃል።

እየጻፍክ እያረምክ ነው፤ ጥፋቱ እሱ ነው። ሁለቱ ሥራዎች አብረው አይሄዱም። ረቂቁ ቢያስጠላህም እስከ መጨረሻው ግፋበት። የምዕራፍ አንድ ችግር በደንብ የሚታይህ መጨረሻውን ስታውቅ ነው። እኔ አንዱን መግቢያ ለወራት ሳሽሞነሙን ከርሜ፣ ታሪኩ ሲያልቅ ሙሉ በሙሉ ቆርጬ ጣልኩት። አንጀቴ አርሮ ነበር።

ሌላው የጀማሪ በሽታ ስሜትን በስሙ መጥራት ነው። "አልማዝ በጣም ተናደደች" ስትል አንባቢው ያምንሃል እንጂ አያያትም። "አልማዝ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ከዚያ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች" ብትል ግን ንዴት የሚል ቃል ሳትጠቀም ጨረስክ። ደግሞ ሁልጊዜ አይደለም፤ ገጸ ባሕሪህ በር በከፈተ ቁጥር እንዲህ ካደረግክ ይሰለቻል። ዋና ዋናው ቦታ ላይ ይበቃል።

ንግግሮቹን ጮክ ብለህ አንብባቸው። ምላስህ የተደናቀፈበትን ቦታ አስምርበት፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ቃል በዝቷል።

ያላለቀ ጽሑፍ ለሰው አታሳይ። ካደነቁህ ትዘናጋለህ፣ ከነቀፉህ ትተወዋለህ። ሲያልቅ ለሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ቆልፍበትና መጀመሪያ ራስህ አንብበው። ከዚያ ለምታምነው ሰው ስትሰጥ "ጥሩ ነው?" አትበለው፤ "የቱ ጋ ሰለቸህ?" በለው።