ልጄ መሮጥ ትፈልጋለች፣ ከየት ትጀምር?

ደብረ ብርሃን ላይ ሴት ተማሪዎችን ሩጫ ማስጀመር ከያዝኩ ዓመታት አልፈዋል። በየመስከረሙ ያው ጥያቄ ይመጣል። ከልጆቹ፣ ከእናቶች፣ አንዳንዴም ፊታቸውን ከቋጠሩ አባቶች። ዘንድሮ በአንዴ ልመልስ ብዬ ተቀመጥኩ። እንደመጡ ነው ያስቀመጥኳቸው።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ 9ኛ ክፍል ነኝ። ሮጬ አላውቅም። ገና ከበር ሳልርቅ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ የኔ ልጅ። ትንፋሽሽን የሚቆርጠው ፍጥነትሽ ነው። ጀማሪ ሁሉ ሩጫ ሲባል ውሻ እንዳባረረው ሰው ይፈተለካል። አንቺ ዱብ ዱብ በይ። ከጓደኛሽ ጋር እያወራሽ መሄድ ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው፤ ቀንሺ።

እኔ ለጀማሪ የምሰጠው ይሄን ነው። አንድ ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመሃሉ እረፍት። ሲቀልሽ ሩጫውን ወደ ሁለት ደቂቃ ታሳድጊያለሽ። እንዲህ እየጨመሩ የሄዱ ልጆቼ ብዙዎቹ በሁለት ወር ገደማ ሃያ ደቂቃ ሳያቋርጡ ይሮጣሉ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ በ15 ዓመቴ ማንም ይሄን አልነገረኝም። ሳልለማመድ 1,500 ሜትር አስገቡኝ። የመሮጫው መም አንድ ዙሩ 400 ሜትር ስለሆነ ሦስት ዙር ከ300 ሜትር መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ዙር መራሁ። ሁለተኛው ላይ እግሬ እንጨት ሆነ። ሁሉም አለፉኝ፣ መጨረሻ ወጣሁ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሩጫ የሚባል ነገር አላየሁም። ለዚህ ነው አዲስ ልጅ በመጀመሪያው ወር ውድድር እንድትገባ የማልፈቅደው። ርዕሰ መምህር ቢለምነኝም።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው የመጣሁት። እዚያ ደህና እሮጥ ነበር። እዚህ ግን ሁለት ዙር ሳልሞላ ደረቴ ይቃጠላል። ታምሜ ይሆን?

መልስ፦ ከፍታው ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምታስገቢው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ሰው ከሩብ በላይ ያንሳል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ ብለሽ ሩጪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ሰውነትሽ ይለምደዋል። ጠዋት በውርጭ ስትሮጪ አፍሽን በሻርፕ ሸፍኚ። ቆመሽም የደረትሽ ቃጠሎ ካልተወሽ፣ ወይ ስትተነፍሺ የሚያፏጭ ከሆነ ግን ሐኪም ይይሽ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ የሩጫ ጫማ ዋጋው አይቀመስም። ልጅቷ ደግሞ ቀልቧ እዚያ ነው።

መልስ፦ ሳትገዢ አምጪያት። አንዷ የመጀመሪያ ቀን በኮንጎ ጫማ መጣች። አፍራ ከኋላ ቆማ ነበር። ሳር ላይ በባዶ እግር አስሮጥኳት። መጀመሪያ ሳር ያለበት ሜዳ ይበቃል። ወር ከቆየች በኋላ ግዢ። ሲገዛ ቦንዳም ቢሆን ችግር የለውም። ውስጡን ግን በእጅሽ ጫን ጫን አድርገሽ እይ፤ ሶሉ ጠንክሮ ካለቀ ተይው። ከአውራ ጣቷ ፊት የአንድ ጣት ስፋት ይትረፍ።

ጥያቄ፦ እኔ አባቷ ነኝ። ሴት ልጅ ሩጫ ካበዛች ማህፀኗ ይጎዳል፣ አትወልድም ይባላል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ደራርቱ ቱሉን ያስታውሱ። በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ናት። ከዚያ ወለደች። ወልዳ ተመልሳ በ2000 ሲድኒ ላይ ያንኑ ወርቅ ደገመችው። ልጅዎን የሚጎዳት ሳትበላ መሮጥ ነው። የወር አበባዋ ሦስት ወር ከቀረ ለእናቷ ትንገር፣ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ምግቧ አንሷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ምን ትብላ ታዲያ?

መልስ፦ ቤት ያለውን። እንጀራ በምስር፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ በሶ። የኛ አገር ገብስ እያለ ሌላ ፍለጋ አልሄድም። ሴት ልጆች ደም ማነስ ስለሚያጠቃቸው ብረት ያለው ምግብ ያስፈልጋቸዋል፤ ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ወይ ቲማቲም መብላት ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ሻይ ግን ከምግብ ጋር አይሁን፣ ብረቱን ይይዘዋል። ሰዓት አሳልፋ ትጠጣ። ሁሌ የሚደክማት፣ ስትነሳ የሚያዞራት ከሆነ ደሟን ታስመርምር።

ጥያቄ፦ በሁዳዴ እንዴት ነው የምንለማመደው? እስከ 9 ሰዓት ነው የምጾመው።

መልስ፦ ከበላሽ በኋላ፣ 11 ሰዓት አካባቢ። ጠንካራ ልምምድ በዚያ ሰሞን አልሰጥም። ዱብ ዱብና ማሳሳብ ብቻ። ጾምሽን ፍቺ የሚልሽ አሰልጣኝ ካለ እኔ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ የወር አበባዬ ሲመጣ ልቅር?

መልስ፦ ከፈለግሽ ነይ፣ ካመመሽ ቅሪ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁሌ ሞዴስ አለ፣ መጠየቅ አያስፈልግም፣ ከኪሱ አውጪ።

ጥያቄ፦ ቅልጥሜን ያመኛል።

መልስ፦ ሰፋ ብሎ የሚያም ከሆነ ጥቂት ቀን አርፈሽ ሳር ላይ ተመለሺ። በጣት ሲነኩት አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚጠዘጥዝ ከሆነ አጥንት ሊሆን ይችላል። አትሩጪበት፣ ሐኪም ይይሽ።

ጥያቄ፦ ቲቸር እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀርፋፋ ነኝ። ሁሌ መጨረሻ ነኝ። ልተወው?

መልስ፦ አትተዪው፣ ግን ሌላም ሞክሪ። አትሌቲክስ ሩጫ ብቻ አይደለም። አንዷ ልጄ እንዳንቺ ነበረች፣ ሰፊ ትከሻ፣ ከባድ እርምጃ። አንድ ቀን እየቀለደች አሎሎውን አነሳችው። የሴቶቹ አራት ኪሎ ነው። ወረወረችው፣ እኔ አፌን ከፈትኩ። ጦር አለ፣ ርዝመት ዝላይ አለ፣ ዱላ ቅብብል አለ። ዱላ ቅብብል ላይ ደግሞ እጅ የማትስት ልጅ ወርቅ ናት። ፈጣኖቹ ዱላውን ሲጥሉ ስንቴ አይቻለሁ መሰለሽ።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ወንዶች ይለክፉናል።

መልስ፦ ለዚህ ነው በቡድን የምንወጣው። ከአራት አንሰን አስፋልት ላይ አንሮጥም። የሚለክፍ ካለ ስሙን ወይ ሰፈሩን ንገሩኝ፣ ቀሪው የኔ ስራ ነው።

ጥያቄ፦ በቃ አሳምነሽኛል። መቼ ይዣት ልምጣ?

መልስ፦ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት። ቁርስ ቀለል ያለ፣ ዳቦ ወይ በሶ። ቱታ ከሌላት ሰፊ ሱሪ ይበቃል። ጋቢ ያዢላት፤ ስትጨርስ ላቧ ሳይቀዘቅዝባት ጣል ታድርገው።