ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት ወራት፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጡ መልሶች

ሥራዬ ነርስነት ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከአራት ዓመት በፊት በመጀመሪያ ደረጃ ላይ በተገኘ ካንሰር ምክንያት የግራ ጡቴ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ስለዚህ የምመልሰው በሙያም በኑሮም ከማውቀው ነው፤ የእያንዳንዷን ሁኔታ በዝርዝር የሚያውቀው ግን የራሷ ሐኪም ነው።

ከደብረ ሲና፦ ከሆስፒታል ከወጣሁ አምስተኛ ቀኔ ነው። ከብብቴ ሥር ያለው ቱቦ አሁንም ቀይ ፈሳሽ ያወርዳል። ደም እየፈሰሰኝ ይሆን?

እህቴ፣ ፈሳሹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀልቶ፣ ቀስ በቀስ ወደ ሮዝ፣ በመጨረሻም ወደ ገለባ ቀለም መሄዱ የተለመደ ነው። ጠዋትና ማታ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ ቱቦው የሚያፈስበትን ጠርሙስ ስትደፊ መጠኑን በደብተር ጻፊው፤ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ቱቦውን ያወጡታል። እኔ ጠርሙሱን በመርፌ ቁልፍ ከመቀነቴ ጋር አያይዤ ነበር የምንቀሳቀሰው፤ ተንጠልጥሎ ሲጎትት ስፌቱን ያሳምማልና። ትኩስ ደም በብዛት ከወረደ፣ ካተኮሰሽ፣ ወይም የቁስሉ ዙሪያ ቀልቶ መግል ከያዘ ግን ቀጠሮሽን አትጠብቂ።

ከመሐል ሜዳ፦ ክንዴን ወደ ላይ ማንሳት አልችልም። ጎረቤቶቼ «ስፌቱ ይተረተራል፣ አታንቀሳቅሺው» ይሉኛል።

ምክራቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ይጎዳሻል። ክንድ ለሳምንታት ታጥፎ ከተቀመጠ ትከሻው ይደርቅና እሱን ማላቀቁ ከቁስሉ የበለጠ ያሠቃያል። ቱቦው እስኪወጣ ድረስ ክንድሽን ከትከሻሽ በላይ ሳታነሺ ጸጉርሽን በማበጠርና ልብስሽን ራስሽ በመልበስ ጀምሪ። ሐኪምሽ ሲፈቅድልሽ ደግሞ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ጣቶችሽን ቀስ እያደረግሽ ወደ ላይ አስኪጃቸው፤ ውጥረት ሲሰማሽ እዚያው ቆይ፣ ሕመም ከሆነ ተመለሺ። እኔ የደረስኩበትን በየማታው ግድግዳው ላይ በከሰል አሰምር ነበር፤ የመጀመሪያው መስመር ከአገጬ ትይዩ ነበር፣ በሁለተኛው ወር የበሩን መቃን አለፈ። ሊጥ ማቡካቱ፣ ጀሪካን መሸከሙና እንጨት መፍለጡ ግን ለስድስት ሳምንት ያህል የሌላ ሰው ሥራ ይሁን። የብብት ንፍፊቶች ከወጡልሽ በዚያ በኩል ያለው ክንድ ከዓመታት በኋላም ሊያብጥ ይችላልና፣ ኩበት ስትለቅሚም ሆነ የእሾህ አጥር ስትነኪ ጓንት አድርጊ፤ ምጣድም እንዳያቃጥልሽ ተጠንቀቂ።

ከሞላሌ፦ እናቴ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ልትወስደኝ ትፈልጋለች፤ ሐኪሙ ደግሞ አዲስ አበባ የጨረር ቀጠሮ ሰጥቶኛል።

ሁለቱን የሚያጣላ ነገር አይታየኝም። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ ጠበሉን እየጠጣሽ መጠመቁን ማቆየት ትችያለሽ፤ ለአባቶች ብትነግሪያቸው ይረዱሻል። የምቃወመው ቀጠሮ ማሳለፍን ብቻ ነው። ጡቱ ሳይነሳ ዕጢው ብቻ ተቆርጦ ከሆነ፣ ጨረሩ በዓይን የማይታዩ ቀሪ የካንሰር ሕዋሳትን ለማጥፋት የሚሰጥ ስለሆነ ከሕክምናው የሚነጠል አይደለም።

የጡት ካንሰር በዕቃ ወይም በአልጋ ይተላለፋል ወይ?

አይተላለፍም። ሳህኗን የለየባት ቤተሰብ ካለ ዛሬውኑ ይመልስላት።

ከደብረ ብርሃን፦ ዕጢው ወጥቶ ቁስሉም ድኖ ሳለ ታሞክሲፈን የተባለውን ክኒን አምስት ዓመት የምውጠው ለምንድን ነው? ሌሊት ሙቀት ሙቀት ይለኛል።

በዚህ ከተማ ብርድ በላብ ተጠምቆ መነሳት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። መድኃኒቱ የሚታዘዘው ካንሰሩ በሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት መሆኑ በምርመራ ሲታወቅ ነው፤ የተረፈ ሕዋስ ቢኖር ሆርሞኑ እንዳያሳድገው በሩን ይዘጋበታል። ስለዚህ ሐኪምሽን ሳታማክሪ አታቋርጪው፤ በምትወስጂበት ጊዜም እንዳታረግዢ ተጠንቀቂ። ያልተለመደ የማኅፀን ደም ካየሽ፣ አንድ እግርሽ ካበጠ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ ፈጥነሽ ታከሚ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ባለቤቴ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ በእኔ ፊት ልብስ አትቀይርም፤ ስለ በሽታው ሳነሳም ትቆጣለች። ምን ልበላት?

ወንድሜ፣ «አይዞሽ፣ ምንም አልሆንሽም» አትበላት፤ ሆናለችና። እኔ የመጀመሪያውን ወር መስታወቱን በነጠላ ሸፍኜው ነበር። ባለቤቴ አንድም ቀን አንሺው አላለኝም፤ ፋሻዬ በሚቀየርበት ጊዜ ግን ውኃ አሙቆ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር፤ አንድ ማታ ጠባሳውን እንዲያይ የጠራሁት እኔው ራሴ ነኝ። ለሚጠይቃት ጎረቤት ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ መተረኩ ያደክማታልና እሱን አንተ ተረከባት፤ ወደ ቀጠሮዋም አብረሃት ሂድ። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከራቃት ለሐኪሟ ንገር፤ መኖር እንደሰለቻት ከተናገረች ግን ብቻዋን ሳትተዋት በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዳት።